የመደቡ ራስ

ደስታነሽ የልጅ ልጄን ዳቦ ሳትነካ ባሳለፈችበት እሑድ፣ እኔ ቤቴ ተኝቼ ጉልበቴን ቅቤ እቀባ ነበር። ብሄድ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር እያልኩ አሁንም ራሴን እወቅሳለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ጉልበቴ አብጦ እግሬን መዘርጋት አቃተኝ። የሰንበቴው ተራ ደግሞ የእኛ ነው።

"እኔ እወስደዋለሁ፣ እማማ፣ እርስዎ አይጨነቁ" አለችኝ ፋና።

እንዴት አልጨነቅ። ጠላው እንዳይፈስባት፣ ዳቦው ዝናብ እንዳይነካው፣ መንገዱ ጭቃ ነውና እንዳያንሸራትታት እያልኩ ስብሰለሰል፣ መጨነቅ የነበረብኝን ነገር ሳልጨነቅበት ቀረሁ።

ሰንበቴያችን ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው የሚካኤል ደብር ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተረኛው ዳቦና ጠላውን ይዞ በቅጥሩ ውስጥ ካለው የሰንበቴ ቤት ይገባል። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው ወገን፣ ግድግዳውን ተከትሎ በተሠራው የጭቃ መደብ ላይ ይቀመጣሉ። ቄስ ከባረኩ በኋላ ተረኛዋ የሴቶቹን ሰፌድ ይዛ ከመደቡ ራስ ትጀምራለች። ከመደቡ ራስ ያለችው ቆርሳ እስክትቀምስ ድረስ ከሷ በታች የተቀመጠች ሴት እጇን አትሰድም። ከአያቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው። ደንብ ብሎ የጻፈው የለም፤ ያፈረሰውም የለም።

ያ ቦታ የመነኩሲት ቦታ ነው። የነበሩን መነኩሲት ካረፉ በኋላ ግን ከሴቶቹ ቆብ የጫነች ስላልነበረች ባዶውን ከረመ። አንድ እሑድ ደስታነሽ ሄዳ ቁጭ አለችበት። ምነው ያላት የለም። ጊዜው የአንድ ለአምስት ጊዜ ነው፤ ሰዉ ሁሉ በአምስት በአምስት ተቧድኖ አለቃ የተሾመለት። ደስታነሽ የሴቶቹ የልማት ቡድን መሪ ነበረች። ማዳበሪያ መቼ እንደሚገባ የሚሰማው ከሷ ነው። ማን ሞዴል ተብላ ፍኖተ ሰላም ለስብሰባ እንደምትሄድ፣ የማን ሽንት ቤት ጉድጓዱ አልጠለቀም ተብሎ በሰው ፊት እንደሚነሣ የምታውቀው እሷ ናት። ቀልጣፋ ሴት ናት፤ ድምፅዋም ለስላሳ። ክፉ ስትናገር እንኳ ሕፃን የምታባብል ትመስላለች።

ፋና የሟች ልጄ ልጅ ናት። እናቷን ወባ ወሰደብኝ፤ አባቷም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። አባቷ ሸማኔ ነበር። እዚህ አገር ሸማኔ ምን እንደሚባል የማያውቅ የለም፤ ቡዳ ነው ይሉታል፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይሉታል። በሕይወቱ ሳለ ግን ፊት ለፊት ያለው አልነበረም፤ ጋቢና ነጠላውን ሁሉም ይፈልገዋላ። በደጄ ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ እግሩን እዚያ ውስጥ ሰዶ፣ መወርወሪያውን እያመላለሰ ሲሠራ ይውል ነበር። ከአጠገቡ ተቀምጠው "መቼ ትጨርስልኛለህ" የሚሉት እነዚሁ ሴቶች ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ይሄይስ ፋናን ሲወዳት ነው። ይሄይስ የደስታነሽ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቡሬ ከእህል ነጋዴዎች ጋር ይሠራል። የገበያ ቀን በርበሬ ይዘን ስንሄድ ጆንያውን ከፋና ጀርባ ሳይቀበል ያለፈበት ጊዜ የለም። ኋላም ሽማግሌ ልልክ ነው ብሎ አስነገረ። ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ እፈራለሁ።

ደስታነሽ ለወንድሟ ያሰበችው የቀበሌውን ሊቀመንበር እህት ነበር። "የሸማኔ ልጅ አይሆንም" ብትል መልስ ነበረኝ። እሷ ምንም አላለችም። ምንጭ ወርዳ ፋና በአጠገቧ ስታልፍ ያዘለችውን ሕፃን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች፤ ሌላ ምንም አላደረገችም። "እንዴት አደርሽ ፋንዬ" እያለች፣ ሳቅ እያለች፣ ሸፈነች። በማግሥቱ ሌላዋም ሸፈነች። ከዚያ ልጅ ያላት ሁሉ ሸፈነች፤ ልጅ የሌላት ደግሞ እንስራዋን ዞር አደረገች። የአንዷ ጥጃ ቢሞት "ፋና በዚያ በኩል አልፋ ነበር" ተባለ። ፋና በዚያ በኩል የማታልፍበት ቀን ኖሯል እንዴ፤ መንገዱ እሱው ነው።

እንግዲህ ያን እሑድ ፋና ስትመለስ ጓዳ ገባችና ሰፌዱን አስቀመጠች። እየተሳብኩ ሄጄ ክዳኑን ገለጥኩት። ዳቦው ሙሉ ነው። ቄሱ ሲባርኩ በቢላ የሳሉበት መስቀል ብቻ ይታያል።

"ማን ቀመሰ?" አልኳት።

"ማንም።"

"ደስታነሽስ?"

"'ጥርሴን አሞኛል' አለችና ወደ ቀጣይዋ ገፋችው።"

"ቀጣይዋ ማን ናት?"

ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ትነክሳለች።

"ማን ናት? ተናገሪ!"

"እትዬ አየለች። 'እኔም ጠግቤያለሁ' አሉ። ከሳቸው በኋላ የተናገረ የለም፤ ዝም ብለው ሰፌዱን ያሳልፋሉ። ዞሮ ዞሮ እጄ ላይ ተመለሰ። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ብቻ በወንዶቹ ወገን ያለውን ቆርሰው በሉ።"

"ይሄይስስ አልነበረም?"

"ነበር። ዋንጫው ውስጥ የወደቀ ነገር ያለ ይመስል አቀርቅሮ እሱን ያያል።"

የደስታነሽ አልገረመኝም። አየለች! አየለች ጎረቤቴ ናት፤ እሳት ስንጫጫር፣ እሷ ስትወልድ እኔ ይዣት፣ እኔ ስወልድ እሷ ይዛኝ ያረጀን። ፋናን ክርስትና ያነሣቻት እሷ ናት። በዚያ እጇ አቅፋ ከጠበሉ የተቀበለቻትን ልጅ፣ በዚያው እጇ ዳቦዋን ገፋችው።

ያን ቀን ዳቦውን እኔና ፋና ተቀምጠን በላነው። "ብዪ" አልኳት፣ "ብዪ፣ ያንቺ እጅ ነው፣ ምን አለው!" እያለቀስኩ አጎረስኳት። እዚያው ላይ ሆኜ በልቤ ማልኩ። ደስታነሽን ከዚህችው ልጅ እጅ፣ በዚያው ቤት፣ በዚያው ሰው ፊት ሳላበላት አልሞትም አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ የበርበሬ ለቀማ ደረሰ። ለቀማው በወንፈል ነው፤ ሴቶቹ ተሰብስበው ዛሬ የአንዷን፣ ነገ የሌላዋን ማሳ ይለቅማሉ። ፋና የሁሉንም ለቀመች። የእኛ ቀን ሲደርስ አንዷን አሟት፣ አንዷ እንግዳ መጣባት፣ አንዷ ስብሰባ አለብኝ አለች። ልጅቷ ብቻዋን ስትለቅም ከማሳው ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። ፀሐዩ አናቷን እንዳይመታት እፈራለሁ፤ እባብ እንዳይነድፋት እፈራለሁ። ቀይ በርበሬ ከነዛላው መሬት ላይ እየረገፈ ቀረ።

አንድ ቀን ከዚያው ማሳ ቀና ብላ፣ "ቡሬ ልሄድ ነው፣ እማማ" አለችኝ።

"ምን ልታደርጊ?"

"የፋብሪካ ግንባታ ይጀመራል እየተባለ ነው፤ የቀን ሥራ አይጠፋም። እዚያ 'አባትሽ ምን ነበር' የሚለኝ የለም።"

ቡሬ ለገበያ ደግ ናት። ለሴት ልጅ ብቻዋን ስትሆን ግን ባጃጁ አለ፣ የነቀምቴ መኪና ሹፌር አለ፣ ቤት አከራይ አለ፣ ስንቱን ልቁጠረው። ከሁሉም ያንገበገበኝ አካሄዷ ነው። ሰው ምሳ ሲበላ፣ ማንም ሳያያት፣ በጓሮ መንገድ ልትወጣ ነው ያሰበችው። እንደ ሌባ። ከዚያ "ቡዳዪቱ ሄደችልን" ይሉና ነገሩ እውነት ሆኖ ይቀራል። የልጅ ልጇም ይባልበታል።

"የደስታነሽ የሰንበቴ ተራ እስኪያልፍ ቆዪልኝ" አልኳት።

"የሷ ተራ ምን ያደርግልናል?"

"ቆዪ አልኩሽ! ከዚያ በኋላ እግርሽን አልይዝም።"

ጉልበቱ የታመመ ሰው ሥራው ማየት ነው። ከደጄ ተቀምጬ ምንጭ የሚወርዱትን ሴቶች አያለሁ። ደስታነሽ ስትስቅ ሌሎቹ ይስቃሉ። ስትስቅ ብቻ አይደለም፤ ልትስቅ ስትል ፊቷን አይተው ቀድመው ይጀምራሉ። ይወዷታል? የለም። አንዷ ለብቻዋ ደጄ ስታልፍ ቆም ትልና "የሷስ ነገር፣ እትዬ አደይ፣ እንዲያው ምን ይሻላል" ትለኛለች። በማግሥቱ ከሌሎቹ ጋር ሆና ስታልፍ ሰላምታም የላት። ፈራሁ፣ ተናደድኩ፣ ደግሞ አሰብኩበት። እነዚህ ሴቶች አይጠሉንም፤ የፊተኛዋን እጅ ነው የሚያዩት። ፊተኛዋ ማን እንደሆነች የሚወስነው ደግሞ መደቡ ነው።

በማግሥቱ በትር ተመርኩዤ የንስሐ አባቴ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ቤት ሄድኩ። ንቦቻቸውን እያዩ ነበር።

"ቆብ ልጭን ነው፣ አባ" አልኳቸው።

"አንቺ? ዓምና ስመክርሽ 'ዶሮ ወጥ ትቼማ አልችልም' ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?"

"ተውኩት።"

"ዶሮውን?"

"ዶሮውንም፣ ጠላውንም።"

ቀፎውን ትተው ቀረቡኝ። "ቂም የለብሽም አይደል?"

"ቂም የሌለበት ሰው ይጥሩልኝና ከጎኑ ልቁም።"

ወደ ቀፎው ዞር አሉ። "ባለፈው የሚካኤል ለት ስብሰባ ጠርታ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ሴቱን ሁሉ አስወጣችብኝ። እኔና ሁለቱ ዲያቆናት ከግድግዳ ጋር ቀረን።"

"እኔ የማንን ስም ጠራሁ፣ አባ?"

"እኔስ የማንን ጠራሁ?" አሉና ጢማቸውን ጠራረጉ። "ለጥምቀት በዓል ተዘጋጂ። ጸጉርሽን ትላጪያለሽ። ጨዋታ እንዳይመስልሽ፣ አደይ፤ ቆብ አንዴ ከተጫነ አይወልቅም።"

አልመሰለኝም። የተላጨሁ ቀን ፋና ጸጉሬን ከመሬት ለቅማ በጨርቅ ቋጠረችው። "ለእኔ ብለው ነው አይደል?" ትለኛለች፣ እንባዋ በአፍንጫዋ እየወረደ።

"ለነፍሴ ነው።"

"እማማ!"

"ነፍሴ አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

እማሆይ ወለተ ሚካኤል ተባልኩ። በሚቀጥለው እሑድ ቢጫ ቀሚሴን ለብሼ፣ ቆቤን ጭኜ፣ በፋና ክንድ ተደግፌ ሰንበቴ ቤት ገባሁ። ደስታነሽ ከመደቡ ራስ ተቀምጣለች። ከፊቷ ሄጄ ቆምኩ።

"እንኳን ለዚህ አበቃዎት እማሆይ" አለች በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ። "ይቀመጡ" ብላ ከበታቿ ያለውን ቦታ አሳየችኝ።

ቆሜ ቀረሁ። እወድቃለሁ ብዬ ፈርቻለሁ። ሴቶቹ አንዴ እሷን፣ አንዴ ቆቤን ያያሉ። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ከወዲያ ማዶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ተነሣች። አንድ ቦታ ወደ ታች ወረደች፤ አየለችን ገፋቻት፣ አየለች ሌላዋን ገፋች፣ እንዲህ እያለ መደቡ ሁሉ እስከ በሩ ድረስ አንድ አንድ ወረደ። ስቀመጥ መደቡ ላይ የሷ ሙቀት ነበረ። ያንን ሙቀት ዛሬም አልረሳውም።

ያን ቀን ምንም አላደረግኩም። በቀጣዩም እንዲሁ። ዳቦው ሲመጣ እቆርሳለሁ፣ እቀምሳለሁ፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" እላለሁ፤ ከዚያ ሌሎቹ ይበላሉ። ቀስ እያልኩ እጄን ማዘግየት ጀመርኩ። አንዴ መቁጠሪያዬን አስተካክላለሁ፤ አንዴ አስላለሁ። የሴቶቹ እጆች ጭናቸው ላይ ሆነው የእኔን ይጠብቃሉ። አንድ እሑድ ሆን ብዬ ነጠላዬን ሳጣፋ ብዙ ቆየሁ፤ አንዲትም ሴት አልተንቀሳቀሰችም። በቃኝ አልኩ በልቤ። ቤቴ ስገባ ግን ሌላ ፍርሃት ያዘኝ፤ ተራዋ ሳይደርስ ብሞትስ? ለሳሉ ጦስኝ አፍልቼ እጠጣለሁ፤ ሲነፍስ አልወጣም። እንደዚያ ሰሞን ዕድሜ ለምኜ አላውቅም።

የደስታነሽ ተራ ደረሰ። እሷ ደግሞ ሰንበቴውን ሠርግ አደረገችው። የቀበሌው ሊቀመንበር ተጠርቷል፤ እህቱም መጥታ ከሴቶቹ ወገን ተቀምጣለች። ይሄይስ በወንዶቹ ወገን አዲስ ጃኬት ለብሶ አለ። ደስታነሽ የክት ነጠላዋን ለብሳለች። ጥለቱን ከሩቅ አወቅኩት፤ ቀይና አረንጓዴው፣ በመሐል እንደ እህል ፍሬ የተነጠበው፤ አማቼ እንጂ ማንም እንደዚያ አይሠራም። ፋናን ከበሩ አጠገብ፣ ከመደቡ ግርጌ አስቀምጫታለሁ።

ቄሱ ባረኩ። ደስታነሽ ሰፌዱን ይዛ ከፊቴ ጎንበስ አለች። ዳቦው ነጭ ስንዴ ነው፤ ጥቁር አዝሙዱ ይሸታል።

እጄን አልሰደድኩም።

"ይቁረሱልን፣ እማሆይ።"

መቁጠሪያዬን ያዝኩ።

"እማሆይ?" አለች። ሳቅ አለችና "እማሆይ ጾም ላይ ይሆናሉ" ብላ ሰፌዱን ወደ አየለች አዞረችው።

የአየለች እጅ ተነሣ። መሐል ላይ ሲደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴን አላንቀሳቀስኩም። እጇ ወደ ጭኗ ተመለሰ።

"እኔ… ጥርሴን አሞኛል" አለች።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ያቺን ቃል ስሰማ የተሰማኝን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሰፌዱ ወደ ሦስተኛዋ ሄደ፤ "ጠግቤያለሁ" አለች። አራተኛዋ የነፍስ አባቷን እንደምትፈራ ሰው ዓይኗን ጨፍና ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም። ደስታነሽ ሰፌዱን ይዛ በመደቡ መሐል ቆመች።

"ምን አጠፋሁ?" አለች ወደ እኔ ዞራ። "እማሆይ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ጥርስሽ ተሻለሽ?" አልኳት።

ገባት። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ዳቦሽ ዳቦ ነው፤ አልናቅኩትም" አልኩ። "ግን ይህን ዳቦ ፋና ትቁረሰው። መጀመሪያ አንቺን ታጉርስሽ። ከዚያ እኔ እቀምሳለሁ።"

"ተረኛዋ እኔ ነኝ እኮ!"

"ነሽ። ይዘሽው መመለስም ትችያለሽ። እኛም ይዘን ተመልሰናል።"

ወደ ሊቀመንበሩ አየች። እሱ ጣራውን ሲመለከት ቆየና፣ "ለነገሩ ሰውን ቡዳ ማለት ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ነው፤ በሥልጠናም ተነሥቷል" አለ። ሥልጠናውን ለሴቶቹ የሰጠችው ራሷ ደስታነሽ ናት። ከወንዶቹ ወገን አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

"እኔ ቡዳ ብዬ አላውቅም!" አለች። "ወጥቶኝ አያውቅም! ማን ሰማኝ?"

"ከአፍሽ አልወጣም። ልጅሽን ብቻ ነው የሸፈንሽው። በምን ሸፈንሽው?"

ሰፌዱን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

"በምን ሸፈንሽው፣ ደስታነሽ? በዚህ በለበስሽው ነጠላ ነው። ማን ሠራው? ከደጄ ተቀምጠሽ 'ጥለቱን ሰፋ አድርግልኝ' ብለሽ የለመንሽው አባቷን አይደለም? ከሸማኔ ልጅ ዓይን በሸማኔው ነጠላ ነው ያሸሸሽው? እጁን ለብሰሽ ቤተ ክርስቲያን ትሳለሚያለሽ፤ የልጁን እጅ ግን ተጸየፍሽው?"

ሴቶቹ ወደ ራሳቸው ነጠላ ሲያዩ አየሁ። አንዷ ጥለቷን ወደ ውስጥ አጠፈችው።

"ፋና፣ ነዪ" አልኩ።

"እማማ፣ ይተዉት" አለች ከበሩ። "እኔ አልፈልግም።"

"ነዪ።"

መጣች። ሰፌዱን ከደስታነሽ እጅ ተቀበለች። ከዳር ሳይሆን ከመሐል፣ ከለስላሳው ቆረሰች፤ ይህን ማንም አላላትም። ዘረጋችላት። ደስታነሽ እጇን ስትዘረጋ ፋና ራሷን ነቀነቀች፤ ጉርሻ ነው የተባለው። ደስታነሽ አፏን ከፈተች። የፋና ጣት ከንፈሯን ሲነካ ዓይኗ እንባ ሞላ።

"አኝኪው" አልኩ።

አኘከች።

"ዋጪው።"

ዋጠች።

ከዚያ እጄን ሰደድኩና ከፋና እጅ ተቀብዬ ቀመስኩ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም፤ ዶሮ ወጡም ቢሆን። መደቡ ሁሉ ተንጋጋ። "ለእኔም ፋንዬ"፣ "ፋንዬ እጅሽ ይባረክ"፣ "ወደዚህ ነዪ የኔ ልጅ"። አየለች ሁለቴ ተቀበለች፤ እየበላች ታለቅሳለች፤ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል እግሬን ሰበሰብኩ። መሬቱን ሳመች።

ደስታነሽ ከመደቡ ግርጌ፣ ከበሩ አጠገብ ፋና ከተነሣችበት ተቀመጠች። ሌላ ቦታ አልተለቀቀላትም። ማንም አልገፋትም፤ ጠጋ ያለላት ግን የለም።

ከዚያ ወዲያ እኔ ምንም አላደረግኩም፤ ማድረግም አላስፈለገኝም። ምንጭ ላይ እሷ ስትደርስ ወሬ ይቆማል። በቀጣዩ ግምገማ "ሕዝብን ትከፋፍላለች" ተብሎ ተነሣባትና ከመሪነት ወረደች። ትውረድ ብላ መጀመሪያ እጇን ያወጣችው አየለች ናት። ሌሎቹ የአየለችን እጅ አይተው አወጡ።

ይሄይስ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ደጄ ተደርድረው ቆመው ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። እኔ እሺ ልል አፌን ስከፍት ፋና ከጓዳ ወጣች።

"ያን እሑድ ዳቦዬ ሲዞር ዋንጫውን እያየ ነበር" አለች። "አሁንም እሱኑ ይይ።"

ወደ ጓዳ ተመለሰች። እኔ ሽማግሌዎቹን ምን ብዬ እንደሸኘኋቸው አላስታውስም።

ከዚያም ቡሬ ሄደች። ቃሌን ይዛብኝ ነበርና እግሯን አልያዝኩም። የሄደችው ግን በጓሮ አይደለም። በጠዋት፣ በትልቁ መንገድ፣ ሴቶቹ ግማሹ ዳቦ ቆሎ፣ ግማሹ የበርበሬ ድልህ ይዘው ባጃጁ ድረስ ሸኟት። ሕፃናት ቀሚሷን ይዘው ይጎትታሉ፤ ፊቱን የሸፈነ አልነበረም። አሁን ቤት ከጓደኛዋ ጋር ተከራይታ ማታ ማታ ትማራለች። ስልኳ ሲዘጋ እንቅልፍ የለኝም። ሹፌሩ ይታየኛል፣ አከራዩ ይታየኛል። በበዓል ስትመጣ ዶሮ ትሠራልኝና ቆቤን አይታ "ረሳሁት፣ እማማ!" ብላ ታለቅሳለች። ብዪው አንቺ እላታለሁ። ሽታው ይበቃኛል።

ቄስ ወልደ ዮሐንስ "ይቅር በያት እንግዲህ፣ መነኩሲት ነሽ" ይሉኛል። እሺ እላቸዋለሁ። ከልቤ ነው ወይ ብለው አልጠየቁኝም።

እሑድ እሑድ ከመደቡ ራስ እቀመጣለሁ። ሰፌዱ ከፊቴ ይመጣል። ደስታነሽ ከበሩ አጠገብ ሆና እጄን ታያለች፤ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ትንፋሿን ይዛ። ነጠላዬን አስተካክላለሁ። መቁጠሪያዬን አዞራለሁ። አንድ ሁለቴ አስላለሁ።

አልቸኩልም።